ያልፈረምኩበት መጽሔት

በምሠራበት የመቀሌ ሆስፒታል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሔት የሚወስድ ሰው መዝገብ ላይ ይፈርማል። እኔ ግን አልፈርምም ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ፊደል አጣመምሽ ብሎ አስተማሪው በተማሪው ሁሉ ፊት ጣቶቼን በማስመሪያ ደበደበኝ። አንዱ ጥፍሬ ተነቀለ፤ ዛሬም ተጣሞ ነው የሚበቅለው። ከዚያ ወዲህ ሰው እያየኝ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ።

ሆስፒታሉ በደንበኝነት ከሚያስመጣቸው መጽሔቶች አንዱ የማይድኑ ሕመምተኞችን ስቃይ ስለማስታገስ የሚጽፍ ነው። እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ አላነበውም። የሚያነቡት የካንሰር ክፍሏ ሲስተር ናቸው። ሕመምተኞቻቸውን ትተው መምጣት ስለማይችሉ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ በሽርጤ ሥር ደብቄ እወስድላቸዋለሁ። ሲጨርሱ እመልሳለሁ። ማንንም የጎዳሁ አልመሰለኝም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ካንሰር አጥንታቸው የገባ ሽማግሌ ይጮኹ ነበር። የአልጋውን ብረት ነክሰው ጥርሳቸው ተሰብሯል። የታዘዘላቸው ሞርፊን አልበቃቸውም፤ ተረኛው ሐኪም መጨመር ፈራ። ሲስተር መጽሔቱን እንዳመጣ ላኩኝ። ይዤ ስመለስ የሽማግሌው ልጅ የሲስተርን አንገት አንቆ ጭንቅላታቸውን ከቁም ሳጥኑ ጋር ያጋጫል።

«ኣቦይን እንዲህ ታስጮኹታላችሁ? ውሻ እንኳ በጥይት ይገላገላል!»

እኔ፣ ሰላምታ ለመመለስ እንኳ የማፍረው፣ በመጽሔቱ ጠርዝ ፊቱን መታሁት። አፍንጫው ደማ። ዞሮ በጥፊ ሲያጮለኝ ባልዲዬ ላይ ወደቅኩ። ጥበቃዎች መጥተው መሬት ላይ ጣሉት፤ አንዱ በጉልበቱ ጀርባውን ተጫነው። ሲስተር እያሳሉ፣ ደም የተረጨበትን ገጽ ገልጠው ለሐኪሙ ሰጡት። አነበበና መጠኑን ጨመረ። ለምሳ ሳንወጣ ጩኸቱ ቆመ። ልጁ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ የገዛ ጭንቅላቱን በቡጢ ይመታ ነበር።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ይቺ እጄ ትሰበር» አለኝ።

ሽማግሌው ከሦስት ቀን በኋላ ሞቱ፤ ሳይጮኹ።

በዓመቱ መጨረሻ ወለሉን ስወለውል ኃላፊው ደንበኝነታቸው የሚቋረጡትን መጽሔቶች እየመዘገበ ነበር። ፊርማ የሌለበት አይታደስም።

«ይሄንንስ ማንም አልነካውም» አለ፣ የሲስተርን መጽሔት እያየ።

«ተነክቷል» አልኩ። አልሰማኝም። ደገምኩት።

«ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ የምወስደው። ለሲስተር።»

«ሳትፈርሚ? ይሄ እኮ ስርቆት ነው ጓለይ፣ ልጄ! ከሥራ ያስባርርሻል።»

የዚያን ቀኑን እትም ከመደርደሪያው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ገጾቹ ተጣብቀዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሰው አፍንጫ ነው» አልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

የተጣበቁትን ገጾች በጣቱ ነካ። ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው። «ላለፈው ማንንም አላስፈርምም። ዛሬ ከፈረምሽ ግን ከሚቋረጡት ዝርዝር አወጣዋለሁ። ለሲስተር ብለሽ ጻፊ።»

ቆሞ ያየኛል። ዞር በልልኝ ልለው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው። ስሜን ጻፍኩ። «ምክንያት» በሚለው ሥር «ለሚጮኹ» ብዬ ጻፍኩ።

ጎንበስ ብሎ አየው።

«ጠማማ ነው» አለ። «ግን ይነበባል።»

መጽሔቱንም ከዝርዝሩ ሰረዘው።