ሲስተር ወርቂቱ ስም ስትመዘግብ

የጌዶዋ ነርስ ሲስተር ወርቂቱ ፍጥነት አትወድም የሚላችሁ ካለ አትመኑት። አባቷ ኦቦ ጉታ ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ፤ በልጅነቷ ከኋላቸው አፈናጠው ሜዳውን ሲጋልቡ ነፋሱ እያስለቀሳት «ጨምር አባዬ!» ትል ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይም፣ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ወደ አምቦ ስትወርድ፣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ የጌዶን ቁልቁለት ሲምዘገዘግበት መጀመሪያ ልቧ ደስ ብሎት ነበር።

ሾፌሩ ሞሲሳ ገና ጢሙን መላጨት የጀመረ ጎረምሳ ነው። ከፊቱ አንድ ነጭ ሚኒባስ ይሮጣል። ቀኑ የገበያ ቀን ስለሆነ ጉደር ቀድሞ የገባ መንገድ ዳር የቆመውን ሰው ሁሉ ያፍሳል።

«ድረብበት ሞሴ! ምን ትጠብቃለህ?» አለ ከኋላ ወንበር ኤጄታ የተባለ የበቆሎ ነጋዴ።

ሞሲሳ ኩርባው ላይ ደረበ። በዚያው ቅጽበት ከታች የጭነት መኪና ብቅ አለ። ጡሩንባው አካባቢውን አናጋው። የሞሲሳ ሚኒባስ በክንድ ስፋት ሾልኮ ተረፈ፤ ተሳፋሪው በጭብጨባ አቀለጠው። ወርቂቱ ብቻ እጇ አልተነሳም። በመስታወቱ የሞሲሳን ፊት አይታዋለች፤ ይስቃል። አስፋልቱ ከተነጠፈ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ የነበሩ ስንት ሾፌሮችን በገዛ እጇ ሰፍታለች!

ወዲያው ነጩ ሚኒባስ መልሶ ደረበባቸው። ሞሲሳ ጥርሱን ነክሶ ተከተለው።

ወርቂቱ አልጮኸችም። ጩኸት እንዲህ ያለውን ልጅ ይበልጥ እንደሚያነሳሳው ታውቃለች። ከቦርሳዋ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣችና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ሞሲሳ ወንድሜ፣ የደም ዓይነትህ ምንድን ነው?»

«ምን?»

«የደም ዓይነትህ። አሁን ንገረኝ፤ በኋላ መናገር ላይሆንልህ ይችላል።»

ሞሲሳ ከት ብሎ ስቆ ነዳጁን ረገጠው። እሷ ወደ ተሳፋሪው ዞረች።

«ሃዋኒ ነው ስምሽ? አንድ ነገር ብትሆኚ ለማን ይደወልልሽ?»

ሕፃን ያቀፈችው ሃዋኒ የባሏን ቁጥር ነገረቻት።

«ሕፃኑስ? ለብቻው ቢገኝ ማን ይረከበዋል?»

ሃዋኒ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ማልቀስ ጀመረች። እስክሪብቶው ወደ ኤጄታ ሲዞር ሰውየው አመድ መስሏል።

«ያ ረቢ! አንተ ልጅ፣ ቀስ በል! ቀስ በል ብዬሃለሁ!»

አሁን ሁሉም ጣሪያውን፣ ወንበሩን ይደበድብ ጀመር። ሞሲሳ ፊቱ ቀልቶ ፍሬን ያዘ። መኪናው በዝግታ መውረድ ጀመረ።

ሁለት ኩርባ እንዳለፉ ነጩን ሚኒባስ አገኙት። ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፤ ጎማው ገና ይሽከረከራል።

ወርቂቱ መኪናው ቆሞ ሳይጨርስ ዘላ ወረደች። «ነጠላሽን ስጪኝ! አንተ ቀበቶህን ፍታ! አንገቱን እንዳታንቀሳቅሱት!» ያ ሲያጨበጭብ የነበረ ሰው ሁሉ እንደ አንድ እጅ ታዘዘላት። ኤጄታ በቀበቶው የአንድ ሽማግሌ ጭን አሰረ፤ የሚፈስሰው ደም ቆመ። የባሰባቸው አምስት ቁስለኞች የሞሲሳ ሚኒባስ ላይ ተጫኑ።

ሞሲሳ የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋላት። «አልችልም፣ ሲስተር።»

«ትችላለህ። ሱታ፣ በዝግታ። ግን አትቁም።»

እስከ አምቦ ሆስፒታል አጠገቡ ተቀምጣ እያንዳንዱን ኩርባ አብራው ታጠፈች። አምስቱም ዳኑ፤ ሽማግሌው ብቻ ከዚያ ወዲህ በከዘራ ይሄዳሉ። እሷም ሠርጉ ጋ የደረሰችው ሙሽራዋ ኬክ ስትቆርስ ነው፤ ቀሚሷ ላይ ያለውን ደም ሳታየው «እልልል!» ብላ ስትገባ አጃቢው ሁሉ ክው አለ።

ሰኞ ወደ ጌዶ ስትመለስ ሞሲሳን መናኸሪያው ውስጥ ተራ ይዞ አገኘችውና ጋቢና ገባች። ልጁ ዳገቱን በልኩ ወጣ። አንድ አይሱዙ አለፋቸው፤ ቀጥሎ ሌላ ሚኒባስ።

«ኧረ ሾፌር፣ ምነው አንቀላፋህ? ንዳው እንጂ!» አለች አንዲት ሴትዮ ከኋላ።

ሞሲሳ ወርቂቱን ሰረቅ አድርጎ አያት። እሷ ደብተሯን ልታወጣ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ስትሰድድ፣ «ተዪው ሲስተር፣ እኔ እነግራታለሁ» አለና የሆነውን ሁሉ እስከ ጌዶ ድረስ ሲተርክላቸው ሄደ።