የጋሽ ጂግሶ ጓሮ

የልጅ ልጄ መክሊት ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ያመጣችውን አሮጌ ልብ ወለድ ስትገልጠው የእርጥብ ጆንያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። እሷ አነበበችልኝ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ፤ ታሪኩ ከምንም ተነስቶ ትልቅ ሰው ስለሆነ፣ በኋላም በገዛ እልሁ ስለወደቀ ሰው ነው። «እማማ፣ የእጁን ነው ያገኘው» ብላ መጽሐፉን ስትዘጋ ተቆጣሁ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ብሆንም ፍርድ ሲጣመም ዝም ማለት አልችልም፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤ ገጠር፣ ኮንጋ ቀበሌ ሳለን ጎረቤታችን ነበር።

ጋሽ ጂግሶ ይባላል። ያለ ወላጅ፣ የሰው ቡና በጆንያ እየተሸከመ አድጎ፣ መሬት ገዝቶ፣ በሰፈራችን የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ቤት የሠራ ሰው ነው። ዝናብ ሲመጣ እኛ ልጆች ከየሳር ቤታችን እየተፈተለክን እሱ ጣራ ሥር እንሰበሰብ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ከሰማይ ቡና የሚገለበጥ እየመሰለን አፋችንን ከፍተን እንሰማለን፤ እሱም ዝናቡን ራሱ ያዘነበው ይመስል ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

አንድ በጋ ታዲያ ጓሮውን የሞላውን እንሰት ነቅሎ ቦታውን ሁሉ ቡና አደረገው። እኛ አገር ቡና የሚያድገው በእንሰቱ መሃል ነው፤ ቡናው ለገበያ፣ እንሰቱ ለሆድ። ሽማግሌዎች ቢመክሩት «እንሰት የድሃ ጓሮ ነው፤ እኔ ቆጮዬን ከገበያ እገዛለሁ» አላቸው።

ከዚያ ዝናቡ ያለቅጥ የበረታበት ዓመት መጣና የሁላችንም ቡና ገና አረንጓዴ ሳለ ቅርንጫፉ ላይ ጠቆረ። እኛ እንሰታችንን እየፋቅን ከረምን። ከእሱ ቤት ግን ጭስ መውጣት አቆመ፤ ልጆቹም ጨዋታ መሃል ቁጭ ማለት ጀመሩ።

እንሰት ለሌለው ቤት ጎረቤት ችግኝ ይዞ መሄድ የአገራችን ወግ ነውና እናቴና የሰፈሩ ሴቶች ቆጮና ችግኝ ተሸክመው ሄዱ፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። ጋሽ ጂግሶ በሩ ላይ ቆመ።

«መልሱት! እኔ የሰው እጅ አይቼ አላደግሁም።»

«አንተ ጂግሶ!» አለችው እናቴ። «ያንን ሁሉ ቡና ብቻህን ነው የለቀምከው? እኛ ስንለቅምልህ እጃችንን አላየኸውም?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም፤ በሩን ዘጋ። ቆጮውን ሚስቱ በጓሮ በኩል አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ችግኙን ግን እናቴ ይዛ አልተመለሰችም፤ «እሱ ይኩራ፤ ልጆቹ ይብሉ» እያለች ከአጥሩ ውጭ ተከለችው።

እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ጋሽ ጂግሶ ቆርቆሮውን እየነቀለ ሸጠ፤ አንድ ማለዳ ጉሙ ሳይገፈፍ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከሰፈሩ ወጣ። ጨለለቅቱ ከተማ እንደገና ጆንያ ሲሸከም አየነው ያሉ አሉ። ከአጥሩ ሥር ያለው እንሰት ሲደርስ የበሉት እሱን የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ለመክሊት እንዲህ አልኳት፤ «የእጁን አገኘ» ማለት ግፍ ነው፤ «ብቻውን ነው ትልቅ ሰው የሆነው» ማለትም ግፍ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ እዚህ ዲላ አጥር ለአጥር ተጠጋግተን እየኖርን፣ አንዱ «አልፈልግም» ብሎ በሩን ሲዘጋ «እንደ ፍጥርጥሩ» ብለን እንመለሳለን፤ የያዝነውን እንደያዝን።