በአጥር ተመልሶ የመጣ

አባቴ ካባ ለብሶ የተነሳው ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበሩን ይጎትትና ሰውየው ወደደም ጠላም ፎቶውን ፊት ለፊት እንዲያይ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ካባው ራሱ በላስቲክ ተሸፍኖ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የአርባ ምንጭ ሙቀት ካባ አያስለብስም። አባቴ ግን አንዳንድ ቀን በሩን ዘግቶ እንደሚለብሰው፣ ሲወጣ ግንባሩ ላይ ከሚንቆረቆረው ላብ ዐውቃለሁ።

ቤታችን የዘፈን ቤት ነው። አያቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የአርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ የቀረ ሰው ነበር፤ የወለዳቸውም ሦስት ናቸው። ትልቁ አባቴ ግጥም ይጽፋል። ትንሹ አጎቴ ክራር እየመታ ዜማ ያወጣል። መካከለኛዋ አክስቴ፣ እኔም ሰፈሩም «እትዬ» የምንላት፣ ልብስ ታጥባለች። አባቴ ለሬዲዮ ጋዜጠኞች ቤተሰቡን የሚያስተዋውቀው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። እህቱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይልና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሻገራል።

ሁለቱ ወንድማማቾች በየቃለ መጠይቁ የማይናገሩትን አሠራር እኔ ልናገር። አዲስ ዘፈን ሲወጣ እትዬ ልብስ እያጠበች፣ አጥሩ ሥር ቆማ፣ ጮክ ብላ ታዜመዋለች። ከአጥሩ ማዶ ከኦቾሎ ተራራ የወረዱ ሸማኔና ሚስቱ ይኖራሉ። ሚስትየው ጴንጤ ናት፤ ዘፈን በአፏ እንዲዞር አትፈልግም። ታዲያ ዘፈኑ ዘፈን ከሆነ፣ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን የሸፈራው ዛፍ ቅጠል ለወጥ እየቀነጠበች ሳይታወቃት ታንጎራጉረዋለች። ከዚያ ድንገት ትነቃና «ውይ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ!» ትላለች። ይቺን «ይቅር ይበለኝ» የሰሙ ቀን ወንድማማቾቹ ይጨባበጣሉ። ካልሰሙ ወረቀቱ ምድጃ ይገባል። በአጥር ተመልሶ የመጣን ዘፈን ደግሞ ማንም ሊነካው አይችልም፤ አንዲት ቃል እንኳ መለወጥ በቤታችን ነውር ነው። ሕጉን ያወጣው አባቴ ነው፤ ሕግ ማውጣት ይወዳል።

አሁን ሠርግ ቤት ሁሉ የሚዘፈነው፣ ስሙን የማልጠራው ዘፋኝ ስሙን ያስጠራበት ዘፈን በዚህ መንገድ ነው የወጣው። ልጅ ነበርኩ፤ ግን በደንብ አስታውሳለሁ። አባቴ በመጀመሪያ የጻፈው ግጥም ስለ ሰማይ ከዋክብት፣ ስለ ንግሥተ ሳባና ስለ ውቅያኖስ ነበር። ውቅያኖስን አይቶት አያውቅም፤ የአባያን ሐይቅ እንኳ ወባ እፈራለሁ ብሎ ከሩቅ ነው የሚያየው። እትዬ ከዋክብቱን አንድ ሳምንት ሙሉ አዜመች። ከአጥሩ ማዶ የሸማኔው የመሸመኛ ዕቃ ድምፅ ብቻ ነው የመጣው። ሚስትየው ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልሠራችም።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ዘንቦ አባራ። እትዬ ያጠበችውን እንደገና ልታሰጣ ወጣችና ከዋክብቱንም ንግሥቲቱንም ትታ የራሷን አዜመች፦

*ዝናቡም አባራ፣ መንገዱም ደረቀ፤*
*ደጅሽ የመቆሜ ሰበቡ አለቀ።*

ልብሱ ሳይደርቅ ከማዶ «ጌታ ይቅር ይበለኝ» ተሰማ። አባቴ በካልሲው ከቤት ሮጦ ወጣ። «ድገሚው እስቲ!» አላት። ደገመችለት፤ ጻፈው። ካሴቱ ሲታተም ሽፋኑ ላይ «ግጥም» በሚለው ፊት የአባቴ ስም፣ «ዜማ» በሚለው ፊት የአጎቴ ስም ሰፈረ። እትዬ ካሴቱን አገላብጣ አየችውና ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው። 

ከዚያ በኋላ የወጡት ዘፈኖችም ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው። አባቴ ከዋክብት ይጽፋል፣ እትዬ ታራግፋቸዋለች። አጎቴም ቢሆን ዜማውን እሷ በምትጎትትበት በኩል ሲጎትት ኖሮ፣ ለሰው ሲያወራ «ሌሊት በሕልሜ መጣልኝ» ይላል። አጎቴ እንቅልፉ ከባድ ነው፤ ቤት ቢቃጠል አይነቃም።

ባለፈው ዓመት ከባህል ቢሮ ነን ያሉ ሁለት ወጣቶች መጡ። የዞኑን የጥበብ ባለውለታዎች ልናመሰግን ነው፣ የዘፈኖቹ ደራሲዎች እነማን ናቸው አሉ። እትዬ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አባቴን አየችው።

«ግጥም እኔ፣ ዜማ ወንድሜ» አለ አባቴ።

«እርስዎስ እማማ?» አላት አንደኛው ልጅ፣ የጨዋ ልጅ ነው።

«እሷ ብዙ ረድታናለች፤ ልብሳችንን ስታጥብ ነው የኖረችው» አለ አባቴ ፈገግ ብሎ። አጎቴ ሳቀ። ልጁም ግራ ገብቶት አብሮ ሳቀ።

እኔ ማታ አባቴን ለብቻው አገኘሁት። «አባዬ፣ ለምን ስሟን አላልክም?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ዘፈን ያዜመ ሁሉ ደራሲ ከተባለ የሸማኔውም ሚስት ካባ ይገባታል» አለኝ። በእርግጥም ይገባት ነበር፤ ከአጎቴ የተሻለ ሠርታለች።

እትዬ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ሕዝብ ፊት ሲቆም ያፍራል፣ መድረክ ላይ ይጠራኛል ብላ አሰበች። ገንዘብም ካባም አልፈለገችም። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት «ይህን ያለችው እህቴ ናት» እንዲባል። ለዚያ ቀን ብላ ጎረቤታችን ሸማኔ ዘንድ ጥለቱ ሰፊ የሆነ ቀሚስ አሠራች። ጥለቱን ራሷ መረጠች፤ ሰውየውን ሦስት ጊዜ አስፈትታዋለች።

ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ያለው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ አባቴን «የሐይቆቹ ልሳን» አለው፤ ሐይቆቹ ይህን ሰምተው ምን እንዳሉ አላውቅም። ለሁለቱም ካባ ተደረበላቸው፣ ጭብጨባው ቀለጠ። አባቴ ማይክ ያዘ። ማይክ የያዘ አባቴን ማስለቀቅ ከባድ ነው። ፈጣሪን አመሰገነ፣ አስተዳደሩን አመሰገነ፣ ዘፋኙን አመሰገነ፣ የክራሩን ጅማት የሚያመጣላቸውን ነጋዴ አመሰገነ፣ የዕለቱን የድምፅ ባለሙያ ሳይቀር አመሰገነ። እትዬ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለመነሳት እንዲመቻት ቀሚሷን ሰብስባ ይዛለች። አባቴ በመጨረሻ «ቤተሰቦቼንም በጠቅላላው» አለና ወረደ። እትዬ ቀሚሷን ለቀቀችው። እንደዚያን ቀን በአባቴ አፍሬ አላውቅም።

በባጃጅ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ስንመለስ የቀሚሷን ጥለት በጣቷ እያቃናች መጣች። በር ላይ ስንደርስ «ነገ ልብስ አጥባለሁ» አለችኝ።

ማጠቢያ ማሽን ከገዛን ቆይተናል። በማግስቱ ግን እትዬ የቆየውን ሳፋ ከጓዳ ጎትታ አወጣች፤ አጥሩ አሁን ቆርቆሮ ሆኗል፣ እሱ ሥር አስቀመጠችው። ታጥቦ የተቀመጠ አንሶላ ዘፈዘፈች። ከዚያ በዚያው በሠርጉ ዘፈን ዜማ፣ ድምፁ ትንሽ ቢሻክርም ቃሉ ቁልጭ ብሎ እየተሰማ፣ እንዲህ አለች፦

*ካባው ተደረበ፣ ጭብጨባው ደመቀ፤*
*የማን እንደነበር አጥር ብቻ ዐወቀ።*

ማዶ የሸማኔው ዕቃ ቀጥ አለ። አባቴና አጎቴ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው የጋዜጣ ሰው ሊመጣ ነው እየተባባሉ ነበር። ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ በዚህ ሁለቱም ጎበዞች ናቸው።

እትዬ በየቀኑ አንሶላ አጠበች። በቤታችን እንደዚያ የነጣ አንሶላ ታይቶ አያውቅም። አባቴ አንድ ጊዜ «ሳሙና አታባክኚ» አላት፤ ከዚህ የዘለለ ነገር ለመናገር ወኔ አልነበረውም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ያው ሁለቱ ማንጎው ሥር እንዳሉ፣ የሸማኔው ሚስት ድምፅ በቆርቆሮው ላይ ተሻግሮ መጣ። አርጅታለች፤ ቅጠል የምትቀነጥበው አሁንም በዚያው ቦታ ነው። ካባውንም ጭብጨባውንም አጥሩንም፣ አንዲት ቃል ሳታጎድል አንጎራጎረችው። ቀጥሎ የሚመጣውን «ይቅር ይበለኝ» ጠበቅን። አልመጣም። ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ዘፈነችው።

«ጋሼ» አለ አጎቴ ቀስ ብሎ፣ «ተመልሶ መጣ እኮ።»

አባቴ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ እያንኳኳ ምጣኔውን ሲቆጥር አየሁት። ስህተት ፍለጋ ነው፤ የሚጎድል ወይ የሚተርፍ ቀለም ቢያገኝ ግጥም አይደለም ሊል። ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ፤ ከዚያ እጁን ሰበሰበ። እትዬ ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰች ነበረች፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«እትዬ!» አለች ጎረቤታችን ከማዶ። «ያንቺ ዘፈን ጭንቅላቴ ውስጥ ገባች፣ አልወጣም አለች! ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማን ገጠመ አሉኝ፤ እኔ የአንቺ ናት አልኩ። የፊቱም የአንቺ ናት አልኩ፤ እኔ ሰማሁ፣ እዚህ ነበርኩ።»

እነዚያ ሴቶች ለማን እንደነገሩ አላውቅም። ብቻ ዘፈኑ ገበያ ገባ፣ ከገበያ ወደ ገረሴ ከተማ የሚሄዱት መኪኖች ላይ ተሳፈረ፣ ሠርግ ላይም ሚዜዎች ከዋናው ዘፈን ጋር እያያያዙ ይሉት ጀመር። አባቴ ሁለት ሠርግ አቋርጦ ተመልሷል። ምክንያቱን ስጠይቀው ሆዴን አሞኝ ነው አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ላደርሰው በባጃጅ ስንሄድ ሾፌሩ ያንኑ ግጥም በፉጨትም በአፉም ሲያስነካው ቆየ። ሴቻ ልንደርስ ስንል በመስታወቱ አባቴን አየት አደረገውና ፊቱ በራ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለው፣ «የእትዬ ወንድም ማለት እርስዎ ነዎት?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ፤ እንድመልስለት ነው። እኔ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። ባጃጁ ዳገቱን ጨረሰ።

«ነኝ» አለ አባቴ።