ለአባዬ ከስክስ የመረጥኩት ክር

ልጅ እያለሁ እንደ እኔ ያለ ግትር አሰላ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም ነበር። እናቴ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ስትል፣ ተረቱ ለእኔ ብቻ የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

አባዬ የግብርና ሠራተኛ ነበር። በጭላሎ ተራራ ግርጌ ከመንደር መንደር እየዞረ ገበሬውን ስለ ገብስና ስለ ስንዴ ዘር ያስተምራል። የሚኮራበት አንድ ከስክስ ጫማ ነበረው፤ ጫማው አልበገርም ቢልም ክሩ በየወሩ ይበጠሳል። የእኔ ጭቅጭቅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው፦ ጭላሎ ላይ ውሰደኝ! ወንድሞቼን ወስዷቸዋል፤ እኔን ግን «ለሴት ልጅ ዳገቱ ይከብዳል» ብሎ አስቀረኝ። ወንድሞቼ እዚያ ስለሚበቅለው ረጅም ጅብራና ከላይ ስለሚታየው ዝዋይ ሐይቅ ባወሩ ቁጥር ቅናት ያንገበግበኝ ነበር። በመስቀል ሰሞን አባዬን ታከተውና፣ «በይ እንግዲህ፣ የጫማዬን ክር አንቺ ምረጪ። እስከ ገና ሳይበጠስ ከቆየ እወስድሻለሁ» አለኝ።

በገበያው ቀን ሐጂ ቃሲም ሱቅ ከች አልኩ። ሱቁ ቆዳ ቆዳና ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። ሐጂ ሁለት ዓይነት ክር አወጡልኝ። አንዱ ኮርቻ ሰፊዎች የሚወዱት፣ በሰም የታሸ፣ አመድማ የጥጥ ክር ነው። ሌላው ቀይ ናይለን፣ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ! ቀዩን በሱቁ ምሰሶ ላይ ጠምጥሜ፣ እግሬን ምሰሶው ላይ አሳርፌ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት። ንክችም አላለ።

«ኢንታለ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ ሐጂ እየሳቁ፤ «የጫማ ክር ተጎትቶ አይደለም የሚበጠሰው። ቀዳዳው ብረት ነው፤ እየፋቀ እየፋቀ ይበላዋል። ቀዩ ለሰርግ ነው፤ ለጭቃ ይሄን ውሰጂ።»

እኔ ወይ ፍንክች! «እርስዎ ከስክስ አድርገው አያውቁ!» ብያቸው ቀዩን ይዤ ሮጥኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ አባዬ ከሥራ ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ እግሩ ሥር ተንበርክኬ ክሩን እመረምራለሁ። ቀይ፣ ሙሉ! ኅዳር አለፈ። አጨዳው ደረሰ፤ አባዬ ትንሽ ትንሽ ማነከስ ጀመረ። እናቴ ስትጠይቀው «ቁልቁለቱ ነው» ይላታል። ገና ሲደርስ በሐጂ ሱቅ ፊት ደረቴን ነፍቼ አለፍኩ።

በበዓሉ ማግስት ወጣን። የአስታው ቁጥቋጦ ሽታ፣ ብርዱ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጠው ጅብራ! ዝዋይ ከታች ብልጭ ሲል በደስታ ጮህኩ። አባዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠጠር ሊያራግፍ ጫማውን ፈታ። የጫማውን ምላስ ገለጥ ሲያደርገው ቀዩ ክር አምስት ቦታ ተበጥሶ ተቋጥሯል። ቋጠሮዎቹን ሁሉ እንዳላያቸው ወደ ውስጥ ቀብሯቸዋል። ካልሲውን ሲያወርድ በየቋጠሮው ትክክል እግሩ ቆስሏል።

«መቼ ነው የተበጠሰው?» አልኩት፣ እንባዬ እየመጣ።

«በሳምንቱ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔም እኮ ላመጣሽ ፈልጌ ነበር!» አለኝና እንደ ልጅ ሳቀ።

አባዬ ካረፈ ቆየ። አሁን እኔም እናት ነኝ። ልጆቼ ሲሳሳቱ እዚያው ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፤ እውነቱን ማወቅ ይጠቅማቸዋል እላለሁ፤ ይጠቅማቸዋልም። ግን ሦስት ወር ሙሉ በቆሰለ እግር ለማንም ተራምጄ አላውቅም።