ለቤት የተቀመጥነው ለቅሶ

ያን ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ከጎረቤቴ ቤት በላይ ያለው ዳገት ተናደ። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ዐረብ አገር ያለች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። አልሃምዱሊላህ፣ ጭቃው ሲወርድ እሷ መካነ ሰላም ገበያ ነበረች። ስትመለስ ቤቱ የለም፤ በሩ ብቻ ቆሟል። እሷም ልማድ ሆኖባት በበሩ ገባች።

በማግስቱ ታናሽ ወንድሟ ከደጎሎ መጣ።

«ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ነው የምትኖሪ። ነገ በጠዋት መኪና እንሄዳለን» አላት።

መሄዱን አልወደደችውም። «ባሌን የቀበርኩት እዚህ፣ ጎረቤቴ እዚህ፤ ደጎሎ ሄጄ ከሰው ምድጃ ዳር ልቀመጥ?» እያለች ለእኔ ታለቅሳለች። ግን ማደሪያ የሌላት ሴት ምን ብላ እምቢ ትበል?

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የቅሬያችን ድንኳን የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው። ለጊዜው እንድትጠለልበት ላውጣላት ብዬ የቅሬውን ዳኛ ጠየቅኋቸው።

«ድንኳን ያለ ሬሳ አይወጣም» አሉኝ።

«ቤቱስ ሞቶ የለም እንዴ?» አልኩ፤ እንዲያው ለነገሩ ያህል ነበር።

ዳኛው ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ዕድሜው እንዴት ነበር?»

«ከባሏ ይበልጥ ነበር።»

«እንግዲያማ ትልቅ ሰው ነው። በሉ ይጠራ!»

ጥሩምባ ተነፋ። ሴቱ ንፍሮና እንጀራ ይዞ፣ ወንዱ እንደ ደንቡ ዶማና አካፋውን ተሸክሞ መጣ። አንዲት የሩቅ ዘመዷ ከወግዲ ደረቷን እየደቃች፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ገባች። ወንድምየው ከድንኳኑ ሥር ንፍሮ ይቆረጥማል።

«አንተ አልሞትክም እንዴ?»

«ኧረ አልሞትኩም።»

«ታዲያ ማነው የሞተ?»

«ቤቱ ነው።»

«ከወግዲ ድረስ በእግሬ መጥቼማ ሳላለቅስ አልመለስም» ብላ ተቀምጣ አምርራ አለቀሰች። እኛም አብረን አለቀስን።

ወንድምየው ትዕግሥቱ አለቀና እህቱን በእጇ ያዛት። «ተነሺ፣ መኪናው ሊሄድ ነው።»

«አንት ልጅ!» አሉት ዳኛው። «ሐዘንተኛ ከድንኳን ሲወሰድ የት አገር አይተሃል? ለቀስተኛው እኮ ገና እየመጣ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ዞር ብሎ አየው። አፍሮ ተቀመጠ።

ቆፋሪዎቹ ግን ቸገራቸው። «የት እንቆፍር?» አሉ። ይህን ያሰበ አልነበረም። ያን ጊዜ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ከዳገቱ ርቃ ደልዳላውን መሬት በእግሯ መታ መታ አደረገችና «እዚህ፤ ለቋሚ» አለች። አንዱ ቆፋሪ እጁ መቃብር ስለለመደ በሰው ቁመት ልክ ይዞት ሲሄድ፣ «ኧረ ወንድሜ፣ ለግንድ ነው፤ አይጋደምም!» ብለን መለስነው።

ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሁሉ እንጨት እየያዘ መጣ። ሼሁ ማገር አመጡ፤ ቄሱ ጭድ። ቆርቆሮውን ከጭቃው አውጥተን በድንጋይ እየቀጠቀጥን አቃናነው። ወንድምየውም መኪና እያመለጠው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ከበደው መሰለኝ፣ መዶሻ ይዞ ጣራ ላይ ወጣ።

ቤቱ ሲያልቅ ለቀስተኛው በር ላይ ተገተረ። «እግዜር ያጥናሽ» ይበላት ወይስ «እንኳን ደስ ያለሽ»? ሁለቱንም ያላት አለ።

ወንድምየው ከጣራው ወረደና ላቡን ጠረገ። «በይ እንግዲህ፣ ሐዘኑም ወጣ፤ እንሂድ።»

«ቤቴን ለማን ጥዬ?» አለችው፤ የመንገድ ስንቁንም ለአንድ ሰው ብቻ ቋጠረችለት።