በክር የተለካ ከተማ

ኦሬስቴ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በብስክሌት ደብዳቤ ሲያድል የኖረ የፌራራ ከተማ ፖስተኛ ነው። አገራችን ሜዳ ነው፤ ቢሉት ቢሉት ሜዳ። በእኛ ዘንድ ከፍታ ማለት አፈር የተቆለለበት የድሮው የከተማ ግንብ ነው፤ እሱንም ቢሆን አሮጊቶቻችን ዘንቢላቸውን እጀታው ላይ አንጠልጥለው በብስክሌት ይወጡታል። አንድ ቦታ ይርቃል ወይስ ይቀርባል ብሎ ለሚጠይቀን ሰው በፔዳል ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ እንነግረዋለን፤ በቃ። ዳገት የሚባል ነገር በሒሳባችን ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ኦሬስቴን የጎዳውም ይኸው ነው እንጂ ሞኝነት አይደለም። ሞኝ ነበር የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል።

ሚስቱ ቪልማ የወደብ ከተማዋ የጄኖቫ ልጅ ነበረች። በሃያ ሁለት ዓመቷ ፍራፍሬ ማሸጊያ ውስጥ ልትሠራ መጣች፤ ፖስተኛውን ወደደች፤ እዚሁ ቀረች። አባቷ ወደብ ላይ ክሬን የሚያንቀሳቅስ፣ ከቃሉ ንቅንቅ የማይል ሰው ነበር። ያንን የረግረግ ሰው ካገባሽ ደጄን እንዳትረግጪ አላት። አገባች፤ አልረገጠችም። አባትየው ሞተ፣ እናትየዋም ተከተለች፣ ቤቱ ተሸጠ። እነ ኦሬስቴም ልጅ አልወለዱም። እሷ ግን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ጨው የተነሰነሰበትን ጠፍጣፋ ዳቦ በወተት ቡና እያጠቀሰች፣ ሰው ሲስቅባት "እናንተ ደግሞ ምን ታውቁና" እያለች፣ ስለዚያ ቤት ታወራ ነበር። ከደጃፉ ፊት ለፊት ሰገነት አለ፤ እዚያ ላይ ለቆመ ሰው ወደቡ ከዳር እስከ ዳር ይታየዋል፤ ልጅ ሆና የአባቷን ክሬን ከሌሎቹ ሁሉ ለይታ ታውቀው ነበር። ከመሞቴ በፊት አንዴ እዚያ ልቁም ትላለች። ኦሬስቴም እንሄዳለን ይላል። የዕረፍት ወሩ ነሐሴ ሲደርስ እናቱ ትታመማለች፤ በሌላው ነሐሴ ጣሪያው ያፈሳል። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ኖረ።

ጡረታ በወጣ በመጀመሪያው የብርድ ወራት ግን ቆርጦ ተነሳ። አራት ቀን፣ ለሁለት ሰው፣ ሁሉም በእግር። ፖስተኛ አውቶብስ ውስጥ ተቀምጦ ከተማ አያይም፤ እንዲህ ነው የሚለው። የጄኖቫን ካርታ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ከቪልማ የስፌት ሣጥን ክር ወሰደ፤ ክሩን በመንገዱ ላይ እያጠማዘዘ አስተኛው፤ መልሶ ቀጥ አድርጎ በማስመሪያ ለካው። ከዚያ ዕቅዱን ወረቀት ላይ አሰፈረ፦ በመጀመሪያው ቀን ጠባቦቹ መንገዶችና አሮጌው ወደብ፤ በሁለተኛው ቀን ባሕሩን ይዞ እስከ ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር፣ ምሳ የተጠበሰ ዓሣ፤ በአራተኛው ቀን ሌላ የባሕር ዳር መንገድ፣ ማታ ባቡር። ሦስተኛውን ቀን በቀይ እርሳስ ነው የጻፈው፦ "ከአደባባዩ እስከ ቪልማ ቤት፣ አራት መቶ ሜትር፣ ስድስት ደቂቃ።"

ወረቀቱን ይዞ ቡና ቤት ሲሄድ ጎረቤቱ ጉዌሪኖ ገልብጦ ገልብጦ አየውና "አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን ልታዝናና ነው ወይስ የአደራ ደብዳቤ ልታደርስ?" አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኦሬስቴም ሳቀ፤ ደስ ብሎታል።

ቪልማ ምላሷ እንደ ምላጭ ነበር። ከራት ጨው አንስቶ እስከ ጫማው ማሰሪያ ድረስ ኦሬስቴን ሳትተርብ የዋለችበት ቀን የለም። የዚያን ቀን ግን መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው፤ ጣቷ ቀዩ መስመር ላይ ቆመ።

"ስድስት ደቂቃ?" አለች።

"ስድስት። ላንቺ ስል ሰባት ላድርገው?"

"ይሁን፣ ጎበዝ" አለችና ዱባ ወደምትሞላው ሊጥ ተመለሰች። ቪልማ ጎበዝ ብላ ዝም ስትል ሊገርመው ይገባ ነበር። ደስታ አሳወረው።

በሚያዝያ ሄዱ። ሁለቱ ቀናት እንዴት ያማሩ ነበሩ! ቪልማ ልጅ ሆነች፤ ከዓሣ ሻጩ ጋር በአገሯ ዘዬ ተሰዳደበች፤ ኦሬስቴን በእጁ እየጎተተች በየጠባቡ መንገድ አስገብታ አስወጣችው። ቶሎ ቶሎ አረፍ ማለቷን ግን አስተውሏል። ሲጠይቃት ጫማዬ ነው አለችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አደባባዩ ደረሱ። አንድ የዋሻ አፍ አለ፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ቪልማ እሱን እያየች ለአፍታ ቆመች። ምን እያየሽ ነው ሲላት ምንም አለችና ወደ ደረጃው አለፈች፤ ደረጃው በሁለት ግንቦች መካከል ሽቅብ ይወጣል። ስድስት ደቂቃው ሲሞላ ግማሹ ጋ እንኳ አልደረሱም ነበር። ኦሬስቴ ራሱ እያለከለከ ወረቀቱን አውጥቶ አየ። አራት መቶ ይላል። ክሩን መቶ ጊዜ ለክቶታል፤ ክር ግን ተጋድሞ ነው የሚለካው። አንድ መታጠፊያ ላይ ቪልማ ቁጭ አለች፤ ከንፈሯ ዐመድ መስሏል።

"ትንሽ ነው የቀረው፣ ቪልማ።"

"ስንት እንደቀረ ካንተ በላይ አውቃለሁ።"

"በቃ ልዘልሽ።"

"ደብዳቤ መሰልኩህ እንዴ?" አለች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠ። ደግፏት ሊያስነሳት ሲሞክር እጁን ያዘችና "ነገ" አለችው።

በማግስቱ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ባቡሩን ተሳፍረው ወደ ሜዳቸው ተመለሱ።

መስከረም ላይ ሞተች። ሐኪሙ፣ ኦሬስቴ የሚያውቅ መስሎት፣ እኔ እኮ በየካቲት ነግሬያት ነበር፤ ልብሽ ደክሟል፣ ደረጃ የሚባል እንዳትወጪ ብያት ነበር አለው። የካቲት ማለት እሱ ጠረጴዛው ላይ ክር የሚዘረጋበት ወር ነው። ኦሬስቴ ከለቅሶው ይልቅ ንዴቱ በለጠበት። አርባ ሦስት ዓመት አብራው ኖራ፣ እንዴት ሆድ ይፍጀው ብላ ትደብቀዋለች? መቃብሯ ላይ አበባ ሲያኖር እንኳ አኩርፏት ነበር።

በዓመቱ ያንኑ ወረቀት ይዞ ብቻውን ተሳፈረ። ሌላውን ቀን ሁሉ ዘለለና በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ሄደ። ደረጃውን ወጣ፤ እሷ የተቀመጠችበትን ቦታ ሲያልፍ ዓይኑን መለሰ። ሰገነቱ ላይ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ወደቡ እንዳለችው ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ክሬኖቹ ብዙ ናቸው፤ የአባቷ የትኛው እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም።

ከበስተኋላው በር ተከፈተ። ዘወር ሲል የመስታወት በር ነው፤ ከውስጡ አንዲት አሮጊት ጎመንና ሽንኩርት የሞላ ዘንቢሏን ይዛ ወጣች።

"ይቅርታ እመቤት፣ ይሄ ከየት የሚመጣ ነው?"

"አሳንሰሩ? ከታች ከአደባባዩ ነዋ፣ ከዋሻው ውስጥ።" ከላይ እስከ ታች አየችው። "በዚህ ዕድሜዎ በደረጃው ወጡ እንዴ?"

"ከተሠራ ቆይቷል?"

"እኔ ሳልወለድ ያለ ነው። የዚህ ሰፈር ልጅ በሙሉ ያደገው በእሱ ነው፤ ደረጃውን ማን ይወጣዋል?"

ኦሬስቴ አመሰገናትና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የዋሻው አፍ፣ የቪልማ ለአፍታ መቆም፣ ቀዩ መስመር ላይ ያረፈው ጣቷ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። "አሳንሰር አለ እኮ" ብትለው ኖሮ እሱ ምን ይላት ነበር? "ምነው፣ ስድስት ደቂቃ መራመድ አቃተሽ?" ይላታል። ቪልማ መተረብ እንጂ መዋሸት አትችልም። የሐኪሙ ቃል ይወጣል፤ ጉዞው ይቀራል። ያንን ሁሉ አስልታ ነው ጎበዝ ያለችው።

ወረቀቱን ዘርግቶ በእርሳስ ስድስት ደቂቃ የሚለውን ሰረዘ፤ ከጎኑ "በአሳንሰር፣ አንድ ደቂቃ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሰው ይስማው አይስማው ሳይል "ብትነግሪኝም እኮ አመጣሽ ነበር፣ ቪልማ" አለ።

ያለውን ራሱ አላመነውም። አያመጣትም ነበር። ካርታውን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከትተውና፣ ብርድ ልብስ አልብሶ መስኮቱ ጋ ያስቀምጣት ነበር፤ ሜዳውን እያየች እንድትሞት። ይህን ደግሞ እሷ ከእሱ በፊት ታውቅ ነበር።

ሲመለስ አሳንሰሩን ትቶ በደረጃው ወረደ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እሷ የተቀመጠችበት ላይ ቁጭ አለና፣ ከመስከረም ጀምሮ እምቢ ያለውን ለቅሶ አለቀሰ።