እግሬን የሚጨምር መድን

ጅቡቲ ስገባ ግራ እግሬ ላይ የብረት ድጋፍ ነበረኝ። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ እግሬ ቀጥኖ ቀርቷል፤ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በብረትና በቆዳ ማሰሪያ ካልተያዘ አያቆመኝም። ድጋፉን ያገኘሁት ድሬዳዋ ሳለሁ በእርዳታ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እዚህ ጅቡቲ ከዋራበሌ ሰፈር በሚኒባስ እየወረድኩ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው የገበያ ሰፈር ጨርቅ ስሸጥ የዋልኩት እሱን ታጥቄ ነው።

የሱቁ ባለቤት የሐረር ሰው ናቸው። ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ሠራተኛ ሲታመም ከኪሳቸው አውጥተው ያሳክማሉ፤ በዚህ አይታሙም። የኔ ሕመም ግን አንድ ጊዜ ታክመውት የሚያልፍ አልነበረም። ወገቤን በየወሩ ይይዘኛል። በየወሩ እጅ መዘርጋት ደግሞ ከሕመሙ ይብስብኝ ነበርና ማስታገሻ እየዋጥኩ ዝም እላለሁ።

አንድ ቀን የግል የጤና መድን የሚሸጥ ወጣት ሱቃችን መጣ። በዚያ ሙቀት ክራባት አስሯል። ባለ ሥዕል ወረቀት ሰጠኝና ቀዝቀዝ ያለ ክሊኒክ፣ ወረፋ የሌለበት ሐኪም እንዳላቸው በሶማልኛ አስረዳኝ። ክፍያው ከደሞዜ ሲሶውን ይወስዳል። ቢሆንም ልቤ ሸፈተ።

ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ፈረንሳይኛ የማውቀው ለመገበያየት ያህል ነው። ጋቦዴ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ። የአሠሪዎቿን ልጆች ስታስጠና ማንበብ ለምዳለች። አርብ የዕረፍቷ ቀን ስለሆነ ቤቴ መጣችና በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። ከጀርባው ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ምን ይላል?»

«ከውሉ በፊት የነበረ በሽታና የአካል ጉዳት አይመለከተንም ይላል።»

«እግሬስ?»

«እግርሽማ ከውሉ በፊት ነበረ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ሳቁ አልቆየልኝም።

ወጣቱ ሲመለስ ራሱን ጠየቅኩት። ወረቀቱን ትንሽ ሲያገላብጥ ቆየ።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ወባ ቢይዝሽ፣ ትርፍ አንጀት ቢያምሽ እንከፍላለን። ከእግርሽ በቀር ሁሉንም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «አሠሪሽ ለምን በመንግሥት መድን አያስመዘግቡሽም? ወረፋ አለው፤ ግን ሕመሙ የቆየ ነው አዲስ ነው ብሎ አይመርጥም። እናቴም የምትታከመው በሱ ነው» አለኝ።

ሐጂን ለመጠየቅ ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ከሰዓት የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ብቻቸውን ሲቀመጡ ቀረብኩ።

«ሐጂ፣ በመንግሥት የጤና መድን ያስመዝግቡኝ። የኔ ድርሻ ከደሞዜ ይቆረጥ።»

«ስትታመሚ መቼ ከለከልኩሽ፣ ልጄ?»

«አልከለከሉኝም። እኔ ግን የሚያመኝ በየወሩ ነው። በየወሩ ልለምንዎት አልፈልግም።»

መቁጠሪያ መቁጠራቸውን አቆሙ። «በየወሩ?»

«አዎ።»

«እዚህ ከገባሽ ጀምሮ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። እሳቸው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። አስቀየምኳቸው ብዬ ሌሊቱን ስጨነቅ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት የመኖሪያ ፈቃዴንና ፎቶግራፍ እንዳመጣ ነገሩኝ። የሌሎቹን ሁለት ሠራተኞችም ጠየቁ። ራሳቸው መድን ቢሮው ድረስ ሄደው፣ በፎርሙ ብዛት እያጉረመረሙ ሦስታችንንም አስመዘገቡን።

ካርዱ ሲደርሰኝ ሐኪም አየኝና የአካል ድጋፍ ወደሚሠራበት ክፍል ላከኝ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ ሸምገል ያለ አፋር ነው። አቁሞ ዙሪያዬን አየኝ፤ ሜትሩን አውጥቶ ከጭኔ እስከ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ እስከ ተረከዜ ለካ።

«ይህን ስትወስጂ ማን ለካሽ?»

«ማንም። እንዲሁ ተሰጠኝ።»

«ካንቺ ለሚረዝም ሰው የተሠራ ነው። የብረቱ መታጠፊያ ከጉልበትሽ በላይ ነው የዋለው። ወገብሽን የሚያምሽ ለዚህ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት ሕመሙን የእግሬ ዕዳ አድርጌ ተቀብዬው ነበር። በሌላ ሰው ልክ ስሄድ እንደኖርኩ ማንም አልነገረኝም። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ፤ ሰውዬውም እንዳላየ ሆኖ ሜትሩን ሲጠቀልል ቆየ።

መድኑ የአዲሱን ድጋፍ ዋጋ ሙሉ በሙሉ አልሸፈነልኝም። የቀረውን ቀስ እያልኩ ከፈልኩ። መጀመሪያ ሰሞን መርከብ ላይ እንደቆመ ሰው እወዛወዝ ነበር። አሁንም በሐምሌ ሙቀት ማሰሪያው ቆዳዬን ይልጠዋል፤ የሐኪሙም ወረፋ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ወገቤ ግን አርፏል። ማስታገሻ ከገዛሁ ወራት አለፉ።

ባለፈው አርብ ከጓደኛዬ ጋር ገበያ ስንሄድ ሚኒባሱን ትተን በእግራችን ወረድን። ወሬ ይዘን ብዙ ከሄድን በኋላ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆማ «ቆዪ፣ ትንሽ እንረፍ» ያለችው እሷ ናት።